ሆድ የሸሸገው ደም

የጤና መኮንንነት ትምህርቴን ጎንደር ጨርሼ ትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ከተማዋ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሳንጃ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ እህል የጫነው አይሱዙ፣ ከሠርግ የሚመለሰው ባለጠመንጃ፣ ከብት የሚነዳው ነጋዴ ሁሉም በዚያ ያልፋል። ከመንገዱ ላይ የወደቀውን ሁሉ የምንቀበለው እኛ ነበርን።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሆዱን የተመታ ሰው ነበር። እግሩ የተሰበረ ስብራቱ ይታያል፤ ጭንቅላቱን የተፈነከተ ደሙ ይናገርለታል። ሆድ ግን ይሸሽጋል። ቆዳው ላይ ጭረት እንኳ ሳይኖር፣ አንድ ጎልማሳ ሰውነቱ ውስጥ ካለው አምስት ሊትር ገደማ ደም ሁለቱን ሊትር ሆዱ ውስጥ ሊያፈስና እያወራ ሊቀመጥ ይችላል። ወጣት ከሆነ ደግሞ ልቡ በጉልበት እየመታ፣ የደም ሥሮቹ እየጠበቡ ግፊቱን ይዘውለት ይቆያሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ያኔ የነበረን እጅ፣ ዓይን፣ ስቴቶስኮፕና የደም ግፊት መለኪያ ነው። ራጅ አልነበረንም፤ አልትራሳውንድ የሚባለውንም በተማሪነት ጎንደር ላይ ነፍሰ ጡር ሲታይበት ነው የማውቀው።

አንድ የጥቅምት ጠዋት አንድ አባት አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጃቸውን በበቅሎ ጭነው መጡ። ልጁን ያመጡት ትከሻው ወልቋል ብለው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በቅሎዋን ሲጭን ረገጠችው፤ ማታ ግራ ትከሻዬን ብሎ ሲያቃስት ወጌሻ ተጠራና ሁለት ጊዜ አሸው። አልተሻለውም። እጁን አንሣ ስለው አነሣ፤ ወደፊትም ወደኋላም ያለ ሕመም አዞረው። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ሳጋድመው ግን ትከሻውን ይዞ ጮኸ። የግራ ጎኑን የታችኛውን የጎድን አጥንት ስነካው ፊቱ ተለወጠ። መዳፉ ቀዝቅዟል፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጬ ሳየው ነጭ ነው፤ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ120 በላይ ነው።

ይህን ነገር መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፤ በሰው ላይ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጣፊያ ሲቀደድ ደሙ ወደ ላይ፣ ደረትንና ሆድን ወደሚለየው ስስ ጡንቻ ሥር ይሰበሰባል። የዚያ ጡንቻ ነርቭ የሚነሣው ከአንገት ነው፤ ትከሻንም የሚያሰማው ነርቭ ከዚያው አጠገብ ይነሣል። ስለዚህ አንጎል የሆዱን ሕመም ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ሰው ሲጋደም ደሙ ወደዚያ ይሄዳልና ሕመሙ ይብሳል።

«አባቴ፣ የልጅዎ ትከሻ ደህና ነው። ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፤ አሁኑኑ ጎንደር መድረስ አለበት» አልኳቸው።

«ሆዱማ ምን ሆነ ብለህ ነው ልጄ? ማታ እንጀራውን በልቶ ነው የተኛ። ጠዋትም ወተት ጠጥቷል» አሉኝ።

አምቡላንስ ለየወረዳው ከመታደሉ በፊት ነውና ከመንገድ ላይ አንድ አይሱዙ አስቆምን። በሁለቱም እጁ ግሉኮስ ሰክቼ ጋቢና ውስጥ አስተኛሁትና አብሬው ሄድኩ። ሾፌሩ አንድም ጊዜ ለሻይ ሳይቆም፣ መንገዱ ላይ የሚያውቀውን ሰው በጡሩንባ ብቻ ሰላም እያለ ሆስፒታል አደረሰን። ተረኛው ቀዶ ሐኪም ልጁን በእጁ መረመረው፤ ከዚያ ረጅም መርፌ ሆዱ ላይ በቀኝ ታችኛው በኩል አስገባና ሳበ። ደም መጣ። የሳበውን ደም ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ቆመና ጠበቀ። እኔ ለምን እንደቆመ አልገባኝም ነበር። «ደሙ ከረጋ መርፌዬ የደም ሥር ወግቷል ማለት ነው፤ ካልረጋ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ነው» አለኝ። አልረጋም። ልጁ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ፤ ጣፊያው ከመሃሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አባትየው ደም ሰጡ፤ የሾፌሩ ረዳት ሳይቀር ሰጠ። ልጁ ዳነ።

ያ መርፌ የዘመኑ መመርመሪያ ነበር። በሌላው ዓለምም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ሩት የተባሉ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆድን በጨው ውኃ አጥቦ ደም መኖሩን የማየትን ዘዴ ካሳወቁ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሐኪም ሁሉ የተማመነው በዚያ ነው። እምብርት አጠገብ ትንሽ ይቀደዳል፣ ቱቦ ይገባል፣ አንድ ሊትር ውኃ ይፈስና ተመልሶ ሲወጣ ቀለሙ ይታያል። ያድናል፤ ግን የተመታን ሆድ ደግሞ መውጋት ነው፤ ያንን ማድረግም የሚችል ሰው ሁልጊዜ የለም።

ሕክምና ልማር ጎንደር ስመለስ ነገሩ ተለውጦ ጠበቀኝ። የጎንደሩ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት ዓላማው እንደ እኔ ያለውን፣ ገጠር ወርዶ ባለው መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ማውጣት ነበር። የሐኪሞች ፋኩልቲው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ሌላው ነገር ደግሞ በኋላ ነው ያስገረመኝ፦ የአልትራሳውንድን ድምፅ ለተመታ ሆድ የመጠቀም ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአውሮፓ ሐኪሞች ተጽፎ ነበር። አሜሪካኖች ዘግይተው በ1990ዎቹ ያዙት፤ ቀዶ ሐኪሟ ግሬስ ሮዚኪና ባልደረቦቿም ምርመራውን ፋስት የሚል ስም ሰጥተው ለዓለም አስለመዱት። እኛም ፋስት እንለዋለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ምርመራው በየድንገተኛ ክፍሉ እየተለመደ መጣ።

ፋስትን ያስተማረችኝ አንዲት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ናት። ጎማ ያለውን ማሽን እየገፋች አልጋ አጠገብ ታቆመዋለች፤ ጄል ትቀባለች፤ መዳሰሻውን በአራት ቦታ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ በቀኝ ጎን፣ ጉበትና ኩላሊት በሚገናኙበት። በጀርባው ለተኛ ሰው የላይኛው ሆድ ዝቅተኛ ቦታ እዚያ ነውና ደም መጀመሪያ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ቀጥሎ በግራ ጎን፣ ጣፊያና ኩላሊት መካከል። ከዚያ ከእምብርት በታች፣ ከፊኛ ኋላ። በመጨረሻ ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር ወደ ላይ፣ ልብን የከበበው ከረጢት። ሁሉም ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ድምፁ ጠጣር ሥጋ ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣና ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ፈሳሽ ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፋልና ስክሪኑ ላይ ጥቁር ይሆናል። ጉበትና ኩላሊት ተጣብቀው መታየት ሲገባቸው በመካከላቸው ጥቁር ሽብልቅ ከገባ ያ ፈሳሽ ነው።

አንዱን ነገር ደጋግማ ትነግረን ነበር፦ «ፊኛውን ሳላየው ቱቦ አታስገቡ!» ነርሶች የቆሰለ ሰው ሲመጣ ልማድ ሆኖባቸው መጀመሪያ የሽንት ቱቦ ያስገባሉ። የሞላ ፊኛ ግን ድምፁን የሚያሳልፍ መስኮት ነው፤ ከኋላው ያለው ደም የሚታየው በእሱ ውስጥ ነው። ሽንቱ ከወጣ መስኮቱ ይዘጋል። ሌላው ቃሏ ደግሞ ይህ ነበር፦ «ማሽኑን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። ፈሳሽ አለ ወይስ የለም? ጣፊያ ነው ጉበት ነው እያላችሁ አትቆዩ።»

የቃሏን ክብደት ያወቅሁት በኅዳር አንድ ሌሊት ነው። ከቆላው ሰሊጥ አጭደው የሚመለሱ ሠራተኞችን የጫነ አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሲመጡ ኮሪደሩ በአንድ ጊዜ ሞላ። ግማሾቹ ብርድ ልብስ ላይ፣ ግማሾቹ መሬት ላይ ናቸው፤ የሚጮኸው ብዙ ነው። የሚጮኸውን ማየት ይስባል፤ የሚያሰጋኝ ግን ዝም ያለው ነበር። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ውኃ ብቻ ስጡኝ ይላል። ከአጠገቡ ጭኑ የተሰበረው ጓደኛው ይጮሃል። የዝምተኛው ምት ፈጣን ነው፤ ግፊቱ ገና አልወረደም።

ሬዚደንቷ ማሽኑን እየገፋች በመካከላቸው አለፈች። ጭኑ የተሰበረው ሆዱ ንጹሕ ነው፤ ደሙ ያለው ጭኑ ውስጥ ነው፤ ይታሰርለትና ይጠብቅ። አንዲት ሴት፣ ምግብ ልታበስል ወርዳ የነበረች፣ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ ንጹሕ ነው፤ ግን እንደገና ትታያለች። ዝምተኛው ሰው ላይ ስትደርስ በቀኝ ጎኑ ገና እንዳስቀመጠች ጥቁሩ ሰፊ ሆኖ ታየ። ከፊኛው ኋላም ጥቁር ነው። «ይሄ አሁን!» አለች። አልጋው መንኮራኩሩ እየጮኸ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ግፊቱ 80 ደርሶ ነበር። ጉበቱ ተቀድዷል፤ በፎጣ ታሽጎ ተረፈ። ያን ሌሊት የነበረው የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አንድ ነው፣ የተዘጋጀው ደምም ጥቂት ከረጢት ነው። ማን አስቀድሞ ይግባ የሚለውን በጩኸት ብንወስን ኖሮ ጭኑ የተሰበረውን እናስገባ ነበር። ይህን የምለው ያ ምርመራ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስላየሁት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ጥቁር ባየሁ ቁጥር ደም ነው ብዬ አልሮጥኩም፤ ምክንያቱ የምንኖርበት አገር ነው። ጎንደር ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። በሽታው በመተማና በሁመራ ቆላ፣ በአርማጭሆም በረሃ አለ፤ የአሸዋ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው። አካባቢው በሽታውን ያልለመደው የደጋ ሰው ለአጨዳ ሲወርድ ይዞት ይመለሳል። በ1997 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በሊቦ ከምከም ደጋማ ቀበሌዎች ሲነሣ እንኳ ሕዝቡም ባለሙያውም መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ መስሏቸው ነበር። ካላዛር ጣፊያን አሳብጦ እስከ እምብርት፣ አንዳንዴም ከእምብርት በታች ያወርደዋል። ተደጋጋሚ ወባም ያሳብጠዋል። የጤነኛ ሰው ጣፊያ የጎድን አጥንት ከልሎት ተቀምጧል፤ ያበጠው ግን ያለ ጋሻ ሆድ ላይ ተዘርግቶ፣ ሽፋኑም ተወጥሮ ነው ያለው። እንዲህ ያለውን ሰው ለመግደል በቅሎ አያስፈልግም። ክርን ይበቃል። አንድ የተዳከመ የቀን ሠራተኛ መኝታ ላይ ከጓደኛው ጋር በቀልድ ሲታገል ወድቆ መጣልን። ማንም ጉዳት ብሎ አልቆጠረውም። ስክሪኑ ላይ ጣፊያው ግማሽ ሆዱን ሞልቶ፣ ዙሪያው ጥቁር ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ጥቁሩ የቆየ ውኃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጉበቱ የደከመ ሰው፣ የሆድ ቲቢ የያዘው፣ በጣና ዳር ያደገና ለዓመታት ቢልሃርዝያ የበላው ሆዱ ውኃ ይቋጥራል። በዱላ ተደብድቦ የመጣ አንድ ገበሬ ሆዱ በጥቁር ሞልቶ አየነው፤ ግፊቱ ግን ልክ ነው፣ ምቱም አልፈጠነም። «አያ፣ ሆድዎ ከዱላው በፊትም እንዲህ ያበጠ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው አንዲት ነርስ። «ሱሪዬ እንቢ ካለኝ ዓመት ሆኖታል» አሉ። ያ የድሮ መርፌ እንደገና ወጣ፤ የመጣው ቢጫ ውኃ ነበር። ያለ ነርሷ ጥያቄ ሆዳቸው በከንቱ ይቀደድ ነበር። ማሽኑ ፈሳሽ አለ ይላል እንጂ የማን ፈሳሽ እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚያውቀው ሰውዬው ከየት እንደመጣ፣ ምን ሲሠራ እንደኖረ የጠየቀ ነው። እኔ ማሽኑን ስማር የትክል ድንጋይ ዓመታቴ የጠቀሙኝ እዚህ ላይ ነው፤ አርማጭሆ የወረደን ሰው መልኩን አውቀዋለሁ።

ንጹሕ ነው የተባለውም ሆድ ዋስትና የለውም። ትንሽ ደም፣ ከ200 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ከኩላሊት ጀርባ የሚፈስ ደም ይደበቃል፤ የተበሳ አንጀት ደግሞ በመጀመሪያ ሰዓታት ለመታየት የሚበቃ ፈሳሽ ላያወጣ ይችላል። ሆዱን በበሬ ቀንድ የተመታ፣ ቆዳው ግን ያልተበሳ አንድ እረኛ ሦስት ጊዜ በፋስት ታይቶ ንጹሕ ተባለ። ሆዱ ግን እየደነደነ ሄደ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የደረት ራጅ ሲነሣ ከቀኝ የሆድና የደረት መለያው ሥር ስስ የጥቁር ማጭድ ታየ፤ ያ አየር ነው፣ ከጨጓራና ከአንጀት በስተቀር መውጫ የለውም። የተበሳው አንጀት ተሰፍቶ ልጁ ወደ ከብቶቹ ተመለሰ።

ራጅን ሰው ዛሬ የድሮ ዕቃ አድርጎ ይንቀዋል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አድዋ ትዝ ትለኛለች። ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው፤ የአድዋ ጦርነት የሆነው ከአራት ወር በኋላ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896 በኔፕልስ የጦር ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሌተና ኮሎኔል ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ ያለውን ጥይት በራጅ ፈለገ። በዓለም ላይ ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል የመጀመሪያው ነው ይባላል። የኛ ጥይት ነበር የተፈለገው። የኛ ቁስለኛ ግን በዚያው ጊዜ በወጌሻና በመድኃኒት አዋቂ እጅ ነበር፤ ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ሲቲ ስካን ሲጨመር ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። በደም ሥር መድኃኒት ተወግቶ ሲነሣ ጣፊያው የት እንደተቀደደ፣ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ወይስ ቆሞ እንደሆነ ያሳያል። ግፊቱ የወረደ ሰው ወደ ሲቲ አይሄድም፤ እሱ መሄጃው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ረጋ ያለው ሰው ግን ተነሥቶ፣ ቅዳጁ ትንሽ ከሆነ፣ ሳይቀደድ አልጋ ላይ ይጠበቃል፤ ምቱ በየሰዓቱ ይለካል፣ ደም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ብዙ ጣፊያ በራሱ ይድናል። በእኛ አገር ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ጣፊያው የወጣለት ሰው ወባ ሲይዘው ይከብድበታል፣ ለሳምባ ምችና ለማጅራት ገትር ተሕዋስም ይጋለጣል።

ከእነዚህ አንዱ፣ ጣፊያው መውጣቱ ግድ የሆነበት ወጣት፣ ከትክል ድንጋይ ማዶ ካለ ቀበሌ የመጣ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አስረዳሁት። ክትባቱን ሳትወስድ እንዳትሄድ፤ ትኩሳት ከተሰማህ ማታ ነው ብለህ አትደር፤ ከሁሉ በላይ ሁመራም መተማም ለአጨዳ አትውረድ። እናቱ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እሱ ግን ጣሪያውን እያየ ቆየና፣

«ዶክተር፣ መሬት የለኝምኮ። የአባቴ ቁራሽ ለአራት ወንድማማች ነው። ሰሊጥ ካላጨድኩ በምን ልኑር?» አለኝ።

እናቱ፣ «ዝም በል አንተ፣ ነፍስህ ተርፋ!» አሉት።

ከመድኃኒት ቤቱ የወባ መከላከያ መድኃኒት እንዴት እንደሚገኝና መቼ እንደሚጀመር በወረቀት ጻፍኩለት፤ አጎበርም ይዞ እንዲወርድ ነገርኩት። ወረቀቱን አራት አጥፎ ከሸሚዙ ኪስ ከተተው። በሚቀጥለው መስከረም ትክል ድንጋይ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ወጣት ጤና መኮንን ደወለልኝ፦ አንድ ሰው ክትባቱን ሊጨርስ መጥቷል፣ ወረቀትህን ይዟል፣ በማግስቱ ወደ ሁመራ ይወርዳል፤ ምን ልስጠው?